ቅመሽና ስጪን

ከመካነ ሰላም ገበያ በታች፣ ከአህያ ማሰሪያው አለፍ ብሎ፣ አጥሩ ላይ በረጅም እንጨት ጣሳ የተደፋበት ቤት የዝናሽ ነው። ጣሳ ከተደፋ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ማንኳኳት አያስፈልግም፣ ጎንበስ ብሎ መግባት ብቻ። ዝናሽ አርባ አራት ዓመቷ ነው። ስትጠየቅ ሠላሳ ስምንት ትላለች፤ በጧት ፊቷን ያየ ሰው ደግሞ ሃምሳ አምስት ብሎ ይምላል። ዓይኗ ያብጣል፣ ከንፈሯ ይደርቃል፣ ጣቷ ይንቀጠቀጣል። ረፋዱ ላይ ጣቷም ይረጋል፣ ምላሷም ይፈታል፤ ያኔ እንደ እሷ ያለ ጨዋታ አዋቂ የለም። በጧትና በረፋድ መሀል ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ከአልጋዋ ሥር ያለውን የአረቄ ጠርሙስ ማየት ነው።

አንዳንዱ ጠጪ የሚሆነው በሐዘን ነው፣ አንዳንዱ በጓደኛ። ዝናሽ የሆነችው በሥራዋ ነው። ጠላ ሻጭ ለሰው ስትቀዳ ቀድማ ትቀምሳለች። «መድኃኒት የለበትም፣ ይኸው እኔም ጠጣሁት» ማለቷ ነው። በድሮው ደንብ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ማለት ይበቃ ነበር። የገበያ ጠጪ ግን ይሄን አይቀበልም። «ጠላውን ነው የቀመስሽ መዳፍሽን?» ይላል ከከላላ በበቅሎ የመጣው። «ሞላ አርገሽ ጠጪ እንጂ፣ ድመት ነሽ?» ይላል ከወግዲ የመጣው። «ቅመሽና ስጪን!» ይላሉ ሁሉም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጆግ ሩብ ጣሳ። በገበያ ቀን ሠላሳ አርባ ጆግ ይወጣል። እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስቡት።

ባሏ አሻግሬ በሕይወት ሳለ ማታ ማታ «በቃሽ» ይላት ነበር። እሱ ሲሞት «በቃሽ» የሚላት ጠፋ። የቀረቻት አንዲት ልጅ ሙሉሐረግ ናት፣ እሷም አረብ አገር ገባች። ልጅቷ የሄደችበት ጧት ነው የዝናሽ እሾህ። ዋዜማውን መሸኛ ብላ ጎረቤቱን ጠራች፤ ቀዳች፣ ቀመሰች፣ ቀዳች፣ ቀመሰች። የደሴው አውቶቡስ የሚነሳው ጎሕ ሲቀድ ነው። ልጅቷ «እማዬ፣ እማዬ፣ ልሄድ ነው» እያለች ወዘወዘቻት። ዝናሽ «ጣሳውን አጥበሽ ድፊው» አለችና ተገላበጠች። ልጅ ግንባሯን ስማ ወጣች። ይኸው ስድስት ዓመት።

ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጠው የሻለም እንዲያውም የዝናሽን ድምፅ አስመስላ ነው የምታወራው፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ምላሷን አሳስራ፣ «ጣ... ጣሳውን አጥበሽ...» ስትል ጠጪው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሞቅ ሲላት ዝናሽም አብራ ትስቃለች። ሳይሞቃት ከሰማችው ጓሮ ትገባለች፤ ጌሾ እንደምትለቅም ሆና ትቆያለች።

በመስከረም አንድ ቀን ሀዲያ መጣች። ሀዲያ የአጥር ጎረቤቷ ናት፣ ከጅዳ የተመለሰች፣ ምላሷ ከእጇ እኩል የሚሠራ።

«እትዬ ዝናሽ፣ ነይማ፣ ሙሉ በኢሞ ድምፅ ልካልሻለች።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችላት። «እማዬ፣ ለጥር እመጣለሁ። የአስተርዮ ማርያም ማግስት እዚያ ነኝ። ከመኪና ወርጄ ስስምሽ አፍሽ ከሸተተኝ ግን፣ ወላሂ ቤትም አልገባ። አድሬ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ አትጠብቂኝ።» አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ዝናሽን ያስፈራት ይሄ ነው። ሦስት ጊዜ አስደግማ ሰማችው። በአራተኛው ሀዲያ «ኧረ ባትሪዬን ጨረሽው» ብላ ቀማቻትና ፊቷን አየት አድርጋ፣ «አብሽሪ፣ ገና አራት ወር አለ» አለቻት።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከዋርካው ሥር፣ ጠጪ ሴቶች ይሰበሰባሉ። እዚያ «ጠጪ» አይባልም፤ ወረቀቱ ላይ «የአልኮል ተጠቃሚ እናቶች» ነው። ዝናሽ ለሰፈሩ «ደም ግፊት ልለካ ነው» ብላ ወጣች። ስብሰባው ላይ ስትደርስ ስድስት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ስድስቱም ለየሰፈራቸው ደም ግፊት ብለው ነው የወጡት።

ሰብሳቢው ስማቸው የሚባል ነርስ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አነጋገሩ እንደ ሬዲዮ። «እናቶቼ፣ በአንድ ጊዜ ማቆም አደጋ አለው። ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ራስ እስከ መሳት ያደርሳል። ስለዚህ ቀ-ስ በቀ-ስ!» ሲል እጁን በአየር ላይ እንደ ደረጃ ያወርዳል። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ እፍኝ ባቄላና ሁለት ባዶ ቆርቆሮ ሰጣቸው። ጧት የቀኑን ባቄላ ግራው ቆርቆሮ ውስጥ መክተት። አንድ ጣሳ ጠላ ወይም አንድ መለኪያ አረቄ በጠጡ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ቀኙ ማሻገር። በየሳምንቱ ከግራው ጥቂት መቀነስ። ይሄው ነው።

ዝናሽ በሦስተኛው ቀን የቀኙን ቆርቆሮ አየችና ደነገጠች። ሰው የሚያየው መስሏት ባቄላውን ቆልታ በላችው።

«እናቴ፣ ባቄላው የት ሄደ?» አላት ስማቸው በሐሙሱ።

«አይጥ።»

«አይጧ ጥሬውን ነው የበላችው ወይስ ቆልታ?»

ሴቶቹ ፈነዱ። ዝናሽ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ስማቸው የሬዲዮውን ድምፅ ተወ። «እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ስንት እንደጠጡ እርስዎ ራስዎ ይወቁት፣ ለእኔ ይበቃኛል» አላትና ሌላ እፍኝ ባቄላ ሰጣት።

በቀጣዩ ሳምንት እውነቱን ቆጠረች። ሃያ ሦስት። በአንድ ቀን። ቀኙን ቆርቆሮ ለሀዲያ ስታሳያት ሀዲያ ራሷ ደግማ ቆጠረችው።

ከሃያ ሦስት ወደ አሥራ ዘጠኝ፣ ከዚያ ወደ አሥራ አምስት ወረደች። የጧቷን አረቄ ወደ አንድ መለኪያ አደረሰቻት፣ ኋላ ያቺንም ተወች። ሌሊት ላብ በላብ እየሆነች ታድራለች፣ ግን ወረደች። አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ነገሩ ቆመ። የገዛ ፍላጎቷን ቀነሰች፤ የጠጪውን ቅምሻ ማን ይቀንስላት?

«አይቅመሱ» አላት ስማቸው። ከተማ ያደገ ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ።

መላው የመጣው ከሀዲያ ቤት ነው። ሀዲያ ለሰርግና ለረመዳን ቀሪቦ ትጠምቃለች። ገብሱ ያው ገብስ፣ መልኩ የጠላ፣ አረፋውም የጠላ፤ ጌሾ የለበትም፣ አያሰክርም።

«ስሚኝ እትዬ። የራስሽን ጣሳ ከእጅሽ አትለዪ። ከማጀት ስትወጪ ውስጡ ቀሪቦ ይኑር። ከጆጉ የጨመርሽ ምሰይና ከጣሳሽ ፉት በይ። ማን ያውቃል?»

«ውሸት አይሆንብኝም?»

«ላለመስከር የተዋሸውን እኔ ለአላህ አስረዳልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ጠጪ።»

በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናሽ ጆጉን በቀኝ፣ ጣሳዋን በግራ ይዛ፣ ዘንበል አድርጋ፣ ፉት ብላ፣ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠርጋ «ጠጡ!» ስትል አንድም ሰው አልጠረጠረም። ባቄላው ስምንት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ገና ሲያልፍ ሁለት ሆነ። የፊቷ እብጠት ጎደለ። ክር በመርፌ አስገባች፤ ይሄን ካደረገች ስንት ዓመቷ ነው። ሰፈሩ ዝም አላለም እርግጥ። «ባል አገኘች» አለ አንዱ። «ልጇ የላከችው ቅባት ነው፣ ከላይ ነው እንጂ ውስጧ ያው ነው» አለች የሻለም። ዝናሽ ሁለት ፍሬ ብቻ አስቀርታ የቀረውን ባቄላ ለሀዲያ ሰጠቻት። «ወስደሽ ዝሪው። እኔ ከእንግዲህ አልፈልገውም።»

የአስተርዮ ማግስት ገበያ ዋለ።

«ዛሬ እንኳ ዝጊ» አለቻት ሀዲያ። «ጣሳውን አውርጂውና ተጣጥበሽ መናኸሪያ ሂጂ።»

«መኪናው የሚገባው በዘጠኝ ሰዓት አይደል? እስከዚያ ምን ልሁን? ደግሞ ልጄ ከስድስት ዓመት በኋላ መጥታ ቤቴን ጭር ብሎ ታግኘው? ሰው ሞልቶበት፣ እኔም በእግሬ ቆሜ ትየኝ እንጂ።»

አምስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ጢም አለ። አያ ካሳ ከከላላ በኩል መጥቷል፤ የአሻግሬ ወዳጅ ነበር፣ ሳቂታ፣ ክፋት የማያውቅ። በር ሥር ደግሞ ይሄነው የሚባል ጠጪ ኩርፍ ብሎ ተቀምጧል። ይሄነው ከሁለት ሳምንት በፊት ከዚሁ ቤት ወጥቶ ሲያስመልሰው አድሮ ሦስት ቀን ተኝቷል። ያን ለት ከጧት እስከ ማታ ሦስት ቤት ዞሮ እንደጠጣ ግን ለማንም አይናገርም።

ዝናሽ ለካሳ ጆግ ይዛ መጣች፣ ቀመሰች፣ ጆጉን አስቀመጠች። ካሳ ጨዋታ አማረውና ጣሳዋን ከእጇ ነጠቃት። «የባለቤቷ ጣሳ ነው የሚጣፍጠው!» ብሎ ግጥም አደረገው።

ፊቱ ተጨማደደ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ስኳር ስኳር ይላል።» እንደገና አጣጣመው። «ቀሪቦ! ቀሪቦ ነው እኮ የምትጠጣ! ዝናሽ፣ መቼ ነው የሰለምሽ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዝናሽም ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች። ይሄነው ብቻ አልሳቀም።

«ቆይ» አለ። «ቆይ እስኪ። እኛ አንዱን፣ እሷ ሌላውን?»

ሳቁ እፍ እንደተባለ ኩራዝ ጠፋ። ሁሉም የየራሱን ጣሳ አየ። አንድ የወግዲ ሰው ጣሳውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«እኔ ያን ለት አንጀቴ ሲቆረጥ ምን ብለሽ ነበር?» አለ ይሄነው። «‹ጎመን በልተህ ይሆናል› አላልሽም? እኔ ጎመን በአፌ አልዞረም!»

«ኧረ በማርያም!» አለች ዝናሽ። «ሐኪም ቀንሺ ብሎኝ ነው። መጠጥ ልተው ብዬ ነው። ልጄ ዛሬ ትመጣለች፣ ለእሷ ብዬ ነው!»

እውነቱን መናገሯ ባሰባት። «ጠላ ሻጭ ጠላ ትታ!» አለ አንዱ። «ደም ግፊት ነው ስትይን አልነበር?» አለ ሌላው። «የሻለምም ጠላ ሻጭ ናት፤ እሷ ከአንድ ጋን ነው አብራን የምትጠጣ» አለ ሦስተኛው። «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ማን ቀድሞ እንዳወጣው አልታወቀም፤ አንዴ ከወጣ ግን በየአፉ ዞረ።

ካሳ ባደረገው ነገር ደንግጦ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እህቴ፣ ሁለት ጣሳ ጠጪና አፋቸውን ዝጊ። ወሬው ከዚህ በር ከወጣ የምትጠፊው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ልጅቱን ‹የመድኃኒተኛዋ ልጅ› ነው የሚሏት። ዛሬ ገና እግሯ ሳይገባ!»

ዝናሽ በበሩ ፀሐይዋን አየች። አምስት ሰዓት ነው። ሁለት ጣሳ እስከ ዘጠኝ ይበርዳል አለች በልቧ። ጤና አዳም አኝካለሁ፣ በሎሚ እጉመጠመጣለሁ። የራሷን ጣሳ አጠበች፣ ሁሉም እያያት ከይሄነው ጆግ ቀዳች፣ እስከ አተላው ጠጣችው። ደግማ ከካሳ ጆግ ቀዳች፣ ጠጣችው።

«እሰይ!» አለ ቤቱ። «ይኸው! ንጹሕ ናት ብያለሁ!» አለ ካሳ፣ ላቡን እየጠረገ። ይሄነው እንኳ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጣሳውን አነሳ። የወግዲው ሰው መረቃት። ጨዋታው ተመለሰ፣ ሰው ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ሁለት ወር ሙሉ የተጠማ ሰውነቷ ሁሉ ተነስቶ ቆመ።

ሦስተኛውን ማንም አላዘዛትም።

በስምንት ሰዓት ሀዲያ ልትወስዳት ስትመጣ ዝናሽ ማጀት ውስጥ ጋኑን ተደግፋ ተቀምጣለች። «ኢና ሊላሂ! ምነው እትዬ?»

«ቀመስኩ» አለች ዝናሽ።

«ስንት?»

«ሁለቷን ባቄላ አሻገርኩ። ከዚያ ባቄላ አለቀብኝ።»

ሀዲያ አልተቆጣችም። ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ አጠበቻት፣ ሎሚ አስመጠጠቻት፣ ጤና አዳም አፏ ውስጥ ሞጀረችባት፣ አዲሱን ነጠላ አለበሰቻትና በክንዷ ደግፋ ወሰደቻት። መንገድ ላይ የሻለም በሯ ላይ ቆማ አየቻቸው። ያን ለት ለጉድ ነው፣ የማንንም ድምፅ አላስመሰለችም።

ሙሉሐረግ ከመኪናው ስትወርድ ዝናሽ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ሰውነቷ ሞልቷል፣ ጥርሷ ላይ ወርቅ አለ። «እማዬ!» አለችና ሮጣ አቀፈቻት። ግራ ጉንጯን ሳመች። ቀኙን ሳመች። ሦስተኛውን አላደረሰችውም።

ክንዷ ከእናቷ ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ዛሬ እንኳ?»

«ላንቺ ብዬ ነው» አለች ዝናሽ።

እውነት ነበር። ከሚያዳልጥ ምላስ ሲወጣ ግን ሰካራም ሁሉ የሚለውን መሰለ፤ ራሷ ዝናሽም ሰማችው። ሙሉሐረግ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሻንጣዋን አነሳችና ወደ ሀዲያ ዞረች። «ሀዲያ፣ ቤትሽ መኝታ አለ?»

ሀዲያ ያን ምሽት ሁሉንም ነገረቻት። ባቄላውን፣ ቀሪቦውን፣ ይሄነውን፣ ካሳ ያለውን። ሙሉሐረግ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «አውቃለሁ። ምክንያት አጥታ አታውቅም» አለች። የመመለሻ ቦታዋን ሹፌሩ ዘንድ ቀድማ ይዛለች።

ዝናሽ ወደ አልጋዋ አልቀረበችም፤ አልጋ ከስድስት ዓመት በፊት ምን እንዳደረጋት ታውቃለች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ጭኗን እየቆነጠጠች አነጋች። ከአልጋው ሥር ጠርሙሱ አለ። ዓይኗ ወደዚያ ሲመላለስባት ተነስታ ወጣች፤ ከቤቱ ለመራቅም ነው፣ መኪናው ሳይነሳ ለመድረስም ነው።

መናኸሪያው ገና አልተከፈተም። የጥር ብርድ ይቆርጣል። ሙሉሐረግ ከሀዲያ ጋር ስትመጣ እናቷ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ልጅቷ መኪናው ውስጥ ገብታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» ይላል። ዝናሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«ማን ቀሰቀሰሽ?» አለች ሙሉሐረግ።

«ማንም።»

«ተኝተሻል?»

«አልተኛሁም። ያኔ ሳልልሽ የቀረሁትን ልልሽ ነው የመጣሁ።»

«ምን?»

«በሰላም ግቢ።»

ሙሉሐረግ መስኮቱ ጠርዝ ላይ የሚንቀጠቀጠውን የእናቷን እጅ አየችው፣ የራሷን እጅ ከላዩ አደረገች፣ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ አላነሳችውም። ከዚያ አነሳችው። መኪናው ጥምዝ ላይ እስኪሰወር ዝናሽ ቆማ አየች።

ስትመለስ ካሳ ደጃፏ ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል፤ ከተማ ነው ያደረው።

«ዝናሽ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ እስኪ አንድ ጆግ። ልጅቱ ደህና ገባች?»

«ሄደች።»

ጆጉን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። እሱም እንደ ልማዱ፣ ምንም ሳያስብ፣ «ቅመሽና ስጪኛ» አለ።

«ከእንግዲህ አልቀምስም አያ ካሳ።»

ካሳ ጆጉን አየ፣ እሷን አየ። ትናንት ስለ ንጽሕናዋ የማለው እሱ ነው፣ የባሏ ወዳጅ ነው፣ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ጆጉን በጣቱ ጫፍ ከፊቱ ገፋ አደረገው። «እንግዲያ... ሆዴም ደህና አይደለ ዛሬ» አለና ዱላውን አንስቶ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ የሻለም ቤት ጎንበስ ብሎ ሲገባ አየችው።

ጋኑ ሙሉ እንደሆነ ነው። ዝናሽ ጆጉን መለሰችበትና በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ሀዲያ ተጣራች።

«ሀዲያ! ያልተዘራ ባቄላ አለሽ?»

«አለ። ስንት ልስጥሽ?»

ዝናሽ እጇን ዘርግታ አየችው። «ሃያ ሦስት» አለች። ከዚያ እንደ ስማቸው አድርጋ፣ በሬዲዮ ድምፅ፣ እጇን በአየር ላይ እንደ ደረጃ ልታወርድ ሞከረች። «ቀ-ስ በቀ-ስ...» እጇ ተንቀጥቅጦ ደረጃው አልወጣላትም። ሀዲያ አልሳቀችም፤ ባቄላውን ልታመጣ ገባች።